ወያላው ከኬጁ እስኪወጣ፦ ከጅማ የወፍ ግቢ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 6፣ 2017

በበጎ ፈቃድ ወፍ ልንከባከብ ብዬ ሄጄ መጥረጊያ ጨብጬ ዋልኩ። የመጀመሪያ ቀኔ ይኸው ነው።

ግቢው ወደ ጅሬን ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። የግቢው ባለቤት ጡረታ የወጡ ሴት አስተማሪ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ከዓመታት በፊት ወንድማቸው ውጭ አገር ሲሄድ ስድስት ባጀሪጋሮች (ትንንሽ የአውስትራሊያ በቀቀኖች) «ለአንድ ወር ያዢልኝ» ብሎ ተወላቸው። ወሩ እስካሁን አላለቀም። ከዚያ ወሬው ዞረ፤ «እሳቸው ይቀበላሉ» ተባለ። አሁን አንዳንድ ጠዋት በሩ ላይ የተበሳሳ ካርቶን ይገኛል። ውስጡ ወፍ አለ። ያስቀመጠው ሰው ግን የለም።

ዛሬ ስንቆጥር 14 ሆኑ። ዘጠኝ ባጀሪጋር፣ ሁለት ኮካቴል (ጉትዬ ያላቸው የበቀቀን ዓይነት)፣ ሁለት የአገራችን ላቭበርድ (አጭር ጭራ ያላቸው ትንንሽ በቀቀኖች)፣ አንድ ግራጫ በቀቀን። ትንንሾቹ አራት ኬጅ ውስጥ ታጭቀዋል። ግራጫው ብቻውን ነው።

ቲቸር ማስክ ሰጡኝ። ከኮሮና ወዲህ ማስክ አድርጌ አላውቅም ነበር። የደረቀ የበቀቀን ኩስ ሲቦን የሰው ሳንባ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፤ ሲታኮሲስ ይሉታል። ስለዚህ ደረቁን አይጠረግም። እናቶቻችን የመሬት ቤት ሲጠርጉ እንደሚያደርጉት መጀመሪያ ውሃ ይረጫል። ከሥር የሚነጠፈው ወረቀት ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የኔ ድርሻ ሆኗል። የምሠራው ማተሚያ ቤት ስለሆነ የተበላሸ ወረቀት ሞልቷል። የአንድ ሰው የሠርግ ጥሪ በተሳሳተ ቀን ታትሞ ነበር፤ 300 ቅጂ። ለባጀሪጋሮቹ አነጠፍኩላቸው።

መስከረም 7

ስለ ግራጫው ትናንት ደክሞኝ አልጻፍኩም።

ስሙ ወያላው ነው። የመጣው መናኸሪያ አጠገብ ካለ አንድ ምግብ ቤት ነው። በረንዳው ላይ ለዓመታት ተሰቅሎ ነበር። መጀመሪያ ማን ወደ አገር እንዳስገባው የሚያውቅ የለም፤ ሹፌሩ ከነጋዴው፣ ነጋዴው ከሌላው እያሉ ነው የሚያወሩት። ግራጫ በቀቀን የኢትዮጵያ ወፍ አይደለም። አገሩ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ደን ነው። ደንበኞች «አውራ እንጂ! አውራ!» እያሉ ጥብስ ያጎርሱት፣ ድራፍት ያቀምሱት ነበር አሉ። ቤቱ ባለቤት ሲቀይር አዲሱ ሰውዬ «ይጮኻል፣ ውሰዱልኝ» አለ። መጮኹን ማን አስተማረውና!

የሚጮኸውም ይህን ነው፦ «አጋሮ! አጋሮ! አጋሮ! አንድ ሰው!» ትንሽ ዝም ይልና «ወራጅ አለ!» ከዚያ የሚኒባስ በር ጓ ብሎ ሲዘጋ። የበሩን ድምፅ እንዴት ከዚያ ጉሮሮ እንደሚያወጣው እንጃ። ሳቄ መጣ። ቲቸር ግን አልሳቁም።

«ደረቱን እየው» አሉኝ።

ደረቱ ላይ ላባ የለም። ለዶሮ ወጥ እንደተነጨች ዶሮ ሮዝ ቆዳው ብቻ ቀርቷል። የነጨው ሰው አይደለም፤ ራሱ ነው። ብቸኝነት፣ ሥራ ማጣት፣ ፍርሃት፣ አንዳንዴም በሽታ እንዲህ ያደርጋቸዋል። በወጥ ቤት ሚዛን መዘንነው፤ 372 ግራም። የእሱ ዓይነት ወፍ ብዙ ጊዜ ከ400 ግራም በላይ ነው።

መስከረም 9

ሐሙስ፣ የሂርማታ ገበያ። የቲቸርን ዝርዝር ይዤ ወጣሁ። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ስኳር ድንች፣ ቃሪያ፣ ማሽላ፣ ትንሽ ኑግ። ሱፍ የለበትም። ወፍ ሱፍ ይበላል ሲባል ነው የማውቀው። «ልጅም ከረሜላ ይበላል» አሉኝ። በቀቀን ሱፍ ካገኘ ሌላውን ገፍቶ እሱን ብቻ ይለቅማል። ስቡ ብዙ ነው፤ ቫይታሚን ኤ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያ ጉበቱ ይሰባል፣ አፍንጫው ይደፈናል፣ ዓይኑ ያብጣል። ካርቶን ውስጥ ከሚጣሉት ግማሹ ከረሜላ ሲበሉ የኖሩ ናቸው።

ኑግ የሸጡልኝ እናት ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። «ለወፍ» ስል ከት ብለው ሳቁ። አሜሪካኖች ከኛ ኑግ እየገዙ ለጓሮ ወፎቻቸው እንደሚሰቅሉ ብነግራቸው ዋጋ ይጨምሩብኝ ነበር፤ ዝም አልኩ።

ማታ ወያላው አንድ ሙሉ ቃሪያ፣ የሚያቃጥለውን ዓይነት፣ በአንድ እግሩ ይዞ ከነፍሬው ጨረሰው። ዓይኑ እንኳ እንባ አላዘለም። ወፍ የቃሪያን ማቃጠል አይሰማውም፤ የሚሰማን እኛ አጥቢዎቹ ነን። በዱር ብዙ ወፎች ፍሬውን እንዳለ ውጠው ራቅ ብለው ስለሚጥሉት ተክሉ ይጠቀማል ይባላል። በቀቀን ግን ፍሬውንም ይሰባብረዋል፤ ተክሉ ከዚህኛው እንግዳ ምንም አያተርፍም።

መስከረም 17

መስቀል። ከኔና ከቲቸር በቀር ማንም አልመጣም። ወፎቹ ግን በዓል አያውቁም፤ በሉ፣ አቆሸሹ።

መስከረም 24

ተወሰነ። ትልቅ የወፍ ቤት እንሠራለን። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 3፣ ከፍታው 2 ተኩል። እኔ ከፍ ያለ ማማ ነገር ነበር ያሰብኩት። የእንስሳት ሕክምና የሚማረው ልጅ (ገና ሳይመረቅ ሁላችንም «ዶክተር» እንለዋለን) አስቆመኝ። ወፍ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ አይነሳም፤ ወደ ጎን ነው የሚበረው። ቁመት ሳይሆን ርዝመት ነው የሚጠቅመው።

አናጢው ሀጂ ናቸው። ጎረቤት ናቸው፣ በርጩማ ይሠራሉ፤ ያን ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን የጅማ በርጩማ። መሬት ላይ ገመድ ወጥረን ስናሳያቸው እየዞሩ አዩት።

«ይሄ ለወፍ ነው?»

«አዎ ሀጂ።»

«እኔ ስምንት ልጅ ያሳደግኩት ከዚህ በማይሰፋ ቤት ነው።»

ያም ሆኖ በማግስቱ መጋዛቸውን ይዘው መጡ። የእጅ ዋጋም አልተቀበሉም። አጣናና ሽቦ ከሰው የተዋጣ ነው።

ጥቅምት 3

ሦስት ቀን ሽቦ ስንፈትግ ከረምን። እውነተኛ ፍትጊያ፣ በሽቦ ብሩሽ።

ይህን ነገር ሰው ስለማያውቀው ልጻፈው። የዶሮ ቤት ሽቦ እንዳይዝግ ዚንክ ተነክሮ ነው የሚወጣው። አዲሱ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ የደረቀ ዚንክና ነጭ ዱቄት አለበት። ዶሮ ሽቦ አትበላም፤ ችግር የለም። በቀቀን ግን ምንቁሩ ሦስተኛ እግሩ ነው። ሽቦውን እየነከሰ ነው የሚወጣው፣ እየነከሰ ነው የሚወርደው። ያ ዚንክ ሆዱ ሲገባ ይመርዘዋል። መፍትሔው አቼቶ ነው። ሽቦውን በአቼቶ ማራስ፣ መፈተግ፣ በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት። ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ ይቀንሰዋል። የማይዝግ ብረት ብንገዛ ይሻል ነበር። ዋጋውን ጠይቀን ዝም ብለን ወጣን።

ግቢው ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል። በወያላው በኩል ያለው ወፍራሙ፣ የተበየደው መረብ ነው። ቀጭኑን የዶሮ ሽቦ እሱ እንደ ክር ነው የሚበጥሰው።

ጥቅምት 11

ጥፋቱ የኔ ነው። ቶሎ ጽፌ ልገላገል።

የባጀሪጋሮቹን ወረቀት ስቀይር የኬጁን በር በክርኔ ደግፌ ስልኬን አነሳሁ። ሎሚ ወጣች። ቢጫዋ፣ ትንሿ። አንዴ ጣሪያው ላይ አረፈች፤ ከዚያ የጎረቤት አቮካዶ ዛፍ ላይ። ከዚያ አላየኋትም።

ጥቅምት 14

ሦስት ቀን የጓደኞቿን ኬጅ ዛፉ ሥር አስቀመጥን። ጠዋትና ማታ፣ ድምፃቸውን ሰምታ እንድትመለስ። አልተመለሰችም። ትናንት ጭልፊት ከላይ ሲዞር ነበር።

አንድ ጎረቤት ሊያጽናናኝ ብሎ «ምን አለበት፣ ነፃ ወጣች» አለኝ። ተናደድኩበት። ባጀሪጋር የአውስትራሊያ ደረቅ ሜዳ ወፍ ናት። ይቺ ደግሞ ኬጅ ውስጥ ተፈልፍላ ኬጅ ውስጥ ያደገች ናት። ምግብ ማለት ሳህን ነው የሚመስላት። የጅማን ዝናብ አታውቀውም፣ ጭልፊት አታውቅም። ይሄ ነፃነት አይደለም።

አዲሱ ቤት ድርብ በር እንዲኖረው ሀጂን ለመንኳቸው። ትገባለህ፣ የመጀመሪያውን ትዘጋለህ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ትከፍታለህ። እሳቸው አንድም ቃል ሳይናገሩ ተጨማሪ አንድ ሜትር ለኩ። አሁን 13 ናቸው።

ጥቅምት 22

የቡና ለቀማ ደረሰ። ከበጎ ፈቃደኞቻችን ሁለቱ ጎማ ወረዳ፣ አንዱ ማና ወረዳ ገቡ። ቅሬታ የለኝም፤ ዓመቱን የሚያኖራቸው እሱ ነው። ግን በዚህ ከተማ የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚጀምር ሰው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ብቻውን እንደሚቀር አስቀድሞ ይወቀው። እኔና ቲቸር 13 ወፍ ይዘን ቀረን። ዶክተሩ ፈተና ላይ ነው።

ጥቅምት 27

ማሙሽ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ትልቅ ሳህን ሙሉ አቮካዶ ላጥ ላጥ አድርጎ አመጣ። ስምንት ዓመቱ ነው። ከጓሯቸው ለቅሞ፣ ራሱ ልጦ። ኮካቴሎቹ በር ላይ ደርሶ ነበር።

ቲቸር «ማሙሽዬ ቁም!» ብለው ሲጮኹ ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። ቁጭ ብለው አስረዱት። አቮካዶ ውስጥ ፐርሲን የሚባል ነገር አለ። ሰውን ምንም አያደርገውም። ወፍን ግን ልቡን ይመታዋል፤ ትንሽ ወፍ በአንድ ቀን ሊሞት ይችላል። ቅጠሉም፣ ልጣጩም ያው ነው። ልጁ አሰበና «ታዲያ ጅማ ውስጥ እንዴት ይኖራሉ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከተማው ሁሉ አቮካዶ አይደል!

አቮካዶውን እኛ በላነው። ማታ ማተሚያ ቤት ገብቼ ማስታወቂያ ሠራሁ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ። አቮካዶ፣ ቡና፣ ቸኮሌት፣ ሽንኩርት፣ ጨው የበዛበት ምግብ፣ መጠጥ፤ አይሰጥም። ማሙሽ በሩ ላይ ራሱ ለጠፈው። አሁን እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚያስነብበው እሱ ነው።

ኅዳር 4

ቤቱ ቆመ። ሽቦውን መሬት ውስጥ ግማሽ ሜትር ቀብረነዋል። ሸለምጥማጥ የዚህን ሰፈር ዶሮ የሚጨርሰው ከሥር ሾልኮ ነው። ጣሪያው ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ክፍት ሽቦ፤ ፀሐይ እንዲያገኙ። ግራጫ በቀቀን ካልሲየም ቶሎ ያንሰዋል፤ ያለ ፀሐይ ደግሞ የበላውንም በደንብ አይጠቀምበትም። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለን፣ ፈጭተን ጎመኑ ላይ እንነሰንሳለን።

ቆጦቹ የዘይቱን ቅርንጫፍ ናቸው። ሀጂ መጀመሪያ ሁሉንም እኩል፣ ልስልስ አድርገው ጠርበው አምጥተው ነበር። ያማሩ ነበሩ። ግን እኩል የሆነ ቆጥ ላይ ዕድሜውን የሚቆም ወፍ እግሩ በአንድ ቦታ እየተጫነ ይቆስላል። ወፍራም፣ ቀጭን፣ ጠማማ ሲቀላቀል ነው ጥሩው፤ ዛፍ ላይ እንዳለው። እንዴት ብለን እንንገራቸው? ቲቸር ነገሩን በቡና አዋዙት። ሀጂ «እንግዲያው ሥራ ፈት ቅርንጫፍ ነው የፈለጋችሁት» ብለው ሄዱ። ያመጡት የመጀመሪያው ቆጥ አሁን የቲቸር መጋረጃ መስቀያ ሆኗል።

ኅዳር 12

ይህን ቀን ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሬ ስፈራው ነበር። ኅዳር ሲታጠን።

ልማዱን ሁሉም ያውቀዋል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ሲፈጀው ከተማው ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይታጠናል። ለኛ የልጅነት ትዝታ ነው። ለወፍ ግን ሌላ ነገር ነው። የወፍ ሳንባ እንደኛ የሚነፋና የሚሟሽሽ አይደለም። ከሳንባው ጋር የተያያዙ የአየር ከረጢቶች አሉት፤ አየሩ ሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል። ለመብረር የሚያስፈልገውን ኦክስጅን የሚያጠግበው ይኸው ነው። ጭሱንም እንዲሁ አጥግቦ ይስባል። የማይጣበቅ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ብቻ ትንንሽ ወፎችን ይገድላል። ለዚህ ነው እዚህ ግቢ ውስጥ ቡና የማይቆላው፣ እጣን የማይጨሰው። ጅማ ውስጥ ቡና የማይቆላበት ቤት! ቲቸር ጀበናቸውን ይዘው ጎረቤት ነው የሚጠጡት። «በስተርጅና ተሰደድኩ» ይላሉ።

እሑድ ዕለት ቤት ለቤት ዞርን። ቲቸር ፊት፣ እኔ ኋላ። አብዛኛው ሰው ደግ ነው። አንዲት እማማ ግን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«ለወፍ ብዬ ኅዳርን ሳላጥን ልቅር?»

«ያጥኑ እማማ። ግን ከታች፣ ሜዳው ላይ ይሁን። ነፋሱ ወደዚያ ነው።»

«ላስቲክስ?»

«ላስቲኩን ለኛ ይስጡን፣ እኛ እንጥለዋለን።»

ዛሬ አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሜዳው ላይ በአንድ ቦታ ከመረ። እኛ 13ቱንም ወደ ቲቸር መኝታ ቤት አስገብተን፣ መስኮቱን ዘግተን፣ በሩ ሥር የረጠበ አንሶላ ጠቀጠቅን። ኬጆቹን በጨርቅ ሸፈንን። ቲቸር አልጋቸው ጠርዝ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ። ጨለማ ነው። ባጀሪጋሮቹ ዝም አሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከጨርቁ ሥር ቀስ ያለ ድምፅ፦ «ወራጅ አለ።»

«አለ የኔ ልጅ» አሉት ቲቸር፤ «ትንሽ ቆይ።»

ሁሉም ደህና አደሩ። እማማ ላስቲኩን በማዳበሪያ ሞልተው ላኩልን። ሁለት ማዳበሪያ።

ኅዳር 20

ዝውውር። ባጀሪጋሮቹ በሩ ሲከፈት አንድ ላይ ወጡ። መጀመሪያ ከሽቦው ጋር ተላተሙ፤ ከሰዓት በኋላ ዙር መዞር ጀመሩ። ሙሉ 6 ሜትር፣ ሄደው መጡ። የባጀሪጋር ክንፍ ድምፅ እንዲህ እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንዷ ደክሟት መሬት ላይ ተዘረጋች፤ ደንግጬ ሮጥኩ። ጡንቻ የላትም፣ ሌላ ምንም አልሆነችም።

ጎጆ አላስገባንላቸውም። ባጀሪጋር ጎጆ ካገኘ ይወልዳል፤ ያውም ቶሎ ቶሎ። ጫጩት የሚጠይቀን ሰው ብዙ ነው። እኛ የተጣለ እየሰበሰብን የሚጣል አንፈለፍልም።

ወያላው የራሱ ክፍል አለው፤ በመካከሉ ሽቦ ነው፣ ይተያያሉ። ኬጁን አስገብተን በሩን ከፈትንለት። አልወጣም። ከኋላ ጥግ ተለጥፎ ነው የዋለው።

ኅዳር 28

አልወጣም።

ታኅሣሥ 2

አሁንም። ኬጁ ውስጥ ሆኖ በተከፈተው በር ሰማዩን ያያል። የእጃችን ርዝመት ላይ ቃሪያ አስቀመጥን። አየው።

ዶክተሩ ፈተናውን ጨርሶ መጣና ብዙ አወራን። ግራጫ በቀቀን በዱር ብቻውን አይገኝም። ማታ ማታ በመቶ ሆነው አንድ ዛፍ ላይ ያድራሉ። እርስ በርስ ይጠራራሉ፣ የመንጋቸውን ድምፅ ይማራሉ። አሌክስ የተባለውን ወፍ አነሳልኝ። ሳይንቲስቷ አይሪን ፔፐርበርግ እ.ኤ.አ. በ1977 ከወፍ መሸጫ ገዝተው ያሳደጉት ነው። ከ100 በላይ ቃላት ያውቅ ነበር። ቀለም ይለያል፣ ቅርጽ ይለያል፣ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2007 በ31 ዓመቱ ሞተ። ለዝርያው በእኩለ ዕድሜ እንደ መቀጨት ነው፤ 40፣ 50 ዓመት የሚኖሩ አሉና።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ይሄ ወፍ ሲጮኽ እያዝናናን አልነበረም። መንጋ ሲያጣ መናኸሪያውን መንጋ አድርጎ ያዘ። የመንጋው ቋንቋ «አጋሮ አጋሮ» ነበር፣ እሱንም አሳምሮ ተማረው። እየተጣራ ነበር። እኛ ደግሞ እየሳቅን ድራፍት ሰጠነው። እኔም መስከረም 7 ቀን ስቄያለሁ፤ ከላይ ተጽፏል፣ አልፋቀውም።

ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ አንድ ሰዓት አጠገቡ በርጩማ ላይ ቁጭ እላለሁ። አላናግረውም። የማተሚያ ቤቱን የሚታረም ጽሑፍ እያነበብኩ ነው።

ታኅሣሥ 15

ጥሩ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ በመኪና መጣ። ሆቴል ሊከፍት ነው። «የሚያወራውን» ይፈልጋል፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ያስቀምጠዋል። ያቀረበው ገንዘብ የዓመት ቀለባችንን ይሸፍን ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እኔ በልቤ ማስላት ጀምሬ ነበር።

ቲቸር ወንበር ሰጡት። «ወንድሜ፣ ይሄ ወፍ ሌላ 30 ዓመት ሊኖር ይችላል። ሆቴልዎስ?»

ሰውዬው ሳቀ። ቲቸር ቀጠሉ። ግራጫ በቀቀን እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ በተደረገው የሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት) ጉባኤ ጥብቅ ጥበቃ ወዳለው የመጀመሪያው ዝርዝር ገብቷል፤ ከዱር ተይዞ በአገሮች መካከል ለንግድ አይሸጥም። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ጋና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ ከ100 ግራጫ በቀቀን ቢያንስ 90ው ጠፍቷል። ደኑም ተመናምኗል፣ ወፉም እየተያዘ ተሸጧል። ቲቸር ወያላውን ሲቀበሉ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አሳውቀዋል፤ ቅጂውን አሳዩት። ሰውዬው ደብዳቤውን ሳያነብ ተነሳ።

ካነሳሁት አይቀር፣ የኛዎቹም እንደዚሁ ናቸው። ባለ ጥቁር ክንፉ ላቭበርድና ራሱ ቢጫ የሆነው በቀቀን ከነዚህ ደኖች እየተለቀሙ «ላሳድጋት» ይባላል። የዱር እንስሳት አዋጁ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። አዋጁን ያነበበ ሰው ግን ካርቶን ይዞ አይመጣም፤ የሚመጣው ያላነበበው ነው። እንዲያውም ሰው ደብዳቤ ሲያይ ስለሚፈራ ነው ሌሊት በር ላይ ጥሎ የሚሄደው። ቲቸር ይህን ስለሚያውቁ ማንንም አይቆጡም። እኔ እቆጣለሁ።

ታኅሣሥ 23

ወጣ!

እንዴት መሰላችሁ። ሀጂ የላላ ማጠፊያ ሊያጠብቁ ገብተው ፒንሳቸውን ቆጥ ላይ ረሱት። ጥምዝዝ ያለ ቀይ እጀታ ያለው ፒንሳ። እኔ በርጩማዬ ላይ ነኝ። ወያላው አንገቱን አወጣ። አንድ እግር፣ ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ፣ የበሩን ጠርዝ ጨመቀ። ከዚያ ምንቁሩን፣ ከዚያ ሌላውን እግር። አንድ ሜትር ለመሄድ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ፒንሳው ጋ ደረሰ፣ እጀታውን ነከሰ፣ መሬት ላይ ጣለው። ጓ! ድምፁን ወደደው መሰለኝ። ወደ ታች አየና «አንድ ሰው!» አለ።

አንድ ወር ከሦስት ቀን ቃሪያ ደርድረን ያላወጣነውን የሀጂ ፒንሳ አወጣው። ፕላስቲኩን እንዳይበላ ቀምተነው በምትኩ የእንጨት ቁራጭ ሰቀልንለት። ሀጂ ከበርጩማ የተረፈ ቁራጭ በየሳምንቱ ያመጣሉ። በሁለት ቀን ስንጥር ያደርገዋል። ሥራ ፈልጎ ነበር እንዴ?

ጥር 5

ላቭበርዶቹ። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ሴቷ ሙሉ አረንጓዴ። ሲመጡ ክንፋቸው በመቀስ ተቆርጦ ነበር። አሁን የተቆረጠው ላባ ረግፎ አዲስ ወጥቷል፤ ቀጥ ብለው ይበራሉ። ከግቢው በላይ ያለው ሾላ ሲያፈራ የዱር ዘመዶቻቸው በመንጋ ይመጣሉ። እነዚህ ከውስጥ ይጣራሉ፣ እነዚያ ከላይ ይመልሳሉ። ሰምቶ መቀመጥ ከባድ ነው።

እኔ ዛሬውኑ እንልቀቃቸው አልኩ። ዶክተሩ እምቢ አለ። ከውጭ አገር ወፎች ጋር አንድ ግቢ ከርመዋል፤ በሽታ ይዘው ቢሆን መንጋውን በሙሉ ያስጨርሳሉ። መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣኑ ሰዎች ጋር ንግግር፣ ከዚያ ነው በሩ። ልክ ነው። ልክ መሆኑ አላስደሰተኝም። ሁለቱን ለብቻቸው አዛወርናቸው፤ ሾላው በሚታይበት በኩል።

ጥር 9

ሌላ ካርቶን። ሁለት ባጀሪጋሮች፣ አንዷ ምንቁሯ ከመጠን በላይ ያደገ። ለ30 ቀን ከሌሎቹ ተለይተው በቲቸር ጓዳ ይቆያሉ። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «ሱፍ ይወዳሉ» ተብሏል። አውቀናል።

ጥር 16

ወያላውን መዘንን። 403 ግራም። ደረቱ ላይ ገና ከቅርፊቱ ያልወጣ፣ እሾህ የመሰለ ላባ ቆጠርኩ፤ ስድስት፣ ሰባት። ዶክተሩ «ብዙ አትደሰት፤ አንድ ሌሊት ተናዶ ይነቅለዋል» ብሎኛል።

በልግ ሳይገባ የክፍቱን ጣሪያ ጠርዝ ማስተካከል አለብን፤ በሰሜን በኩል ያፈሳል። አራት ቆርቆሮ ያስፈልጋል፣ ሁለት አለን። ሀጂ ነገ በጠዋት ይመጣሉ። ሚዛኑን ላነሳ ስል ወያላው አልወርድም ብሎ ሳህኑን በጥፍሩ ያዘ። በሩን ከፍቼ ልወጣ ስል ከኋላዬ ማሙሽ ማስታወቂያውን ለአንድ እንግዳ ጮክ ብሎ ሲያነብ ይሰማኛል። ወያላውም ሰማው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ በልጅ ድምፅ፦ «አቮካዶ!»